ወግ አጥባቂነት በባሌ ደጋ

ከሮቤና ጎባ እስከ ዲንሾ ባለው ደጋ ወግ አጥባቂነት የፓርቲ መጠሪያ አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌዎች «ሴራ» የሚሉት የአባቶች ሕግ ከመንግሥት ሕግ ቀድሞ ይደመጥ የሚል አመለካከት ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በግብርና በመሬት ሰበብ የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት የባሌ አመፅ በመንግሥት ላይ ያለውን ጥርጣሬ አባብሶታል።

አመለካከቱ ጎልቶ የሚታየው በነፍስ ግድያ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ የሚቀጣው ገዳዩን ብቻ ነው። በሴራው ግን ደም የጎሳ ዕዳ ስለሆነ፣ ገዳይ ታስሮ ቢፈታም ጉማ (የደም ካሳ) ካልተከፈለ ደሙ አልደረቀም። ስለዚህ አንዱ ጉዳይ በፍርድ ቤትም በሽማግሌም ይታያል። እርቅ ከወረደ በኋላ ምስክሮች ቃላቸውን ሲያነሱ ዐቃቤ ሕግ ይቸገራል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ እስር ብቻውን ነገ የሚፈሰውን ደም አያስቆምም ይላሉ። በዚህ ነጥብ እውነት አላቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ራሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ሕግ ሽሮት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ፈቀደ፤ ስለ ወንጀል ግን ዝም አለ። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ።

በምርጫ ረገድ የሚጠቀሰው የኦሮሞ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት የሆነው ገዳ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ ጉባኤው ድምፅ ከመቁጠር ይልቅ እስኪስማማ ይመክራል። በአርሲና በባሌ ሥርዓቱ ለረጅም ጊዜ ተዳክሞ ቆይቷል። በትምህርት ግን መንግሥትና ወግ አጥባቂው ተቀራርበዋል፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ሲደነግግ ወላጅ የሚሻውን ሰጠ። የቁርኣን ትምህርት ከመደበኛው ጎን ለጎን ቀጥሏል።

ከባዱ ትችት የሚነሳው ከሴቶች ጉዳይ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ያገባ እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋ። ጠለፋን በቤተሰብ ስምምነት መሸፈን በደል ነው፤ ወግ ነው መባሉ አያጸድቀውም። ሴራው ራሱ ግን ለሴቷ መሣሪያ ሰጥቷታል። ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምታስይዛት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ወንዶች መካከል ሲቆሙ ጠብ ይቆማል። አንዷ ስትበደል ሌሎቹ ጩኸቷን ሰምተው ሲንቄያቸውን ይዘው ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ላሙ ሳይታለብ፣ ምድጃው ሳይነድ ይቆያል፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ አይመለሱም።