ኮንዶም ትዳር ቤት ለምን አልገባም?



በቅርቡ ከዳባት አካባቢ አንዲት እናት መጥታ ነበር። ከወለደች 4 ወሯ ነው፤ ታጠባለች። ደም ግፊት ስላለባት እንክብሉን አልፈቀድኩላትም። መርፌውን ድሮ ሞክራው የወር አበባዋን አዛብቶባት ትታዋለች። ክንድ ላይ የሚቀበረውን ትፈራዋለች። እስክትወስን ድረስ በኮንዶም ተጠቀሙ ስላት አንገቷን ደፋች። «ዶክተር፣ ይህን ይዤ ብገባ ባሌ ከማን ጋር ነበርሽ አይለኝም?»

ይህ ጥርጣሬ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኮንዶም መጀመሪያውኑ የተነሣው ከበሽታ ጋር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጋብርኤሌ ፋሎፒዮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ቂጥኝን ለመከላከል ከተልባ እግር የተሠራ የጨርቅ ሽፋን እንዲደረግ ጽፏል። የጎማው ኮንዶም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በዚህ ሕግ ሥር ነው። በግልጽ ማስታወቂያ የማይነገርለት ነገር እንዴት ባልና ሚስት ጆሮ ይግባ? አላስፈላጊ ገደቦቹ ይነሡ ያለው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1993 ነው።

እስከዚያ ግን ኤች አይ ቪ ቀድሞ ገብቷል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች በ1986 ተገኙ። ዲኬቲ ኢትዮጵያ በ1990 ሥራ ጀምሮ ኮንዶምን በርካሽ ዋጋ ሱቅ ድረስ አደረሰ፤ «ሕይወት ትረስት» የሚለውን ስም ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ትምህርቱ ያተኮረው በሹፌሮች፣ በወታደሮችና በቡና ቤት ሴቶች ላይ ነበር። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ እንዳለችው እንደ ደባርቅ ባሉ የመንገድ ከተሞች ያደገ ሰው ይህን አይረሳውም። መልእክቱም መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ካልሆነ ኮንዶም የሚል ነበር። «ካልሆነ» የምትለውን ልብ በሉልኝ። ኮንዶም መታቀቡም መወሰኑም ላቃተው ሰው የተተወ ሦስተኛ ነገር ሆነ።

ያ ትምህርት ብዙ ሕይወት ስላተረፈ አልወቅሰውም። ዋጋው ግን እስከ ዛሬ ትዳር ቤት እየተከፈለ ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ካገቡ ሴቶች 36 በመቶው መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 23 በመቶው መርፌ ነው። ኮንዶም 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሆርሞን የማይስማማት፣ ወይም እንደዚች እናት ገና ያልወሰነች ሴት፣ እጇ ላይ ያለውን ነገር እያፈረች ሳትፈልግ ታረግዛለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፍጹም አይደለም። ሁልጊዜ በትክክል ከተጠቀሙበት ከ100 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ያረግዛሉ፤ ሰው እንደሚያደርገው አንዳንዴ እየተዉት ከሆነ ግን 13 ያህሉ። ቅቤ ወይም ቫዝሊን ፈጽሞ አትቀቡበት፤ ጎማውን ያላላውና ይቀደዳል። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ሲሞቅ የከረመውንም ጣሉት።

ያቺ እናት በቀጠሮዋ ባሏን አስከትላ መጣች። ይህንኑ ታሪክ ለሁለቱም አጫወትኳቸው። ባልየው ዝም ብሎ ሰማኝና «ቢቀደድብንስ?» አለ። በ5 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ኑ፣ የድንገተኛ መከላከያ አለ፤ በዚያው ቀን ብትመጡ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል አልኩት።