መተላለፍ፦ የአንድ ቃል ታሪክ

እንግሊዝኛ ሕግ መጣስን «ትራንስግሬሽን» ይለዋል። የቃሉ የላቲን ሥር ወሰን አልፎ መራመድ ማለት ነው። አማርኛም ከዚሁ አሳብ ደርሷል፤ ሕግ የጣሰውን ሰው «ሕግ ተላለፈ» ይለዋል።

አነጋገሩ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ይስማማል። በጥንቱ ልማድ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ካለበት ንቅንቅ ማለት አይገባውም ነበር። ከዚያ ወዲያ የምትነሣው አንዲት እርምጃ ራሷ በደል ነበረች።

ዘመናዊው ሕግ ይህን ቃል ወረሰ፤ መጠንም አበጀለት። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ «ደንብ መተላለፍን» ከከባዱ ወንጀል ለየ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ልዩነቱን አጸና፤ ለደንብ መተላለፍ ጽኑ እስራትም ሆነ ቀላል እስራት እንዳይፈረድ ከለከለ።

ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው፤ አዲስ አበባ፣ ጎተራ ላይ ቆሞ የተመለከተ ይረዳዋል። ስሙን ከእህል ማከማቻዎቹ ባገኘው በዚህ ሠፈር፣ በ2001 ዓ.ም. በተመረቀው ማሳለጫ ላይ መኪናዎች አንዱ በላይ ሌላው በታች ሳይጋጩ ይተላለፋሉ። እዚህ መተላለፍ ጥፋት ሳይሆን መንገድ መሰጣጣት ነው።

በከተማይቱ መንገዶች ዳር ጉልት የዘረጋች እናት ግን «ደንብ መጣ!» ሲባል ሸቀጧን ሰብስባ ትሮጣለች። ደንብ ተላልፋ ይሆናል። እሷን «ወንጀለኛ» ብሎ የሚጠራ ሰውም ሕጉ በሁለቱ ቃላት መካከል ያሰመረውን ወሰን ተላልፏል።