የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አመራረጥ፦ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለአምባራስ አካባቢ የችርቻሮ ነጋዴዎች

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በመደብር የሚከናወነውን እያንዳንዱን ሽያጭ የሚመዘግብ፣ ለገዢው ደረሰኝ የሚያትምና የየዕለቱን ጠቅላላ ሽያጭ ሊሰረዝ በማይችል ማኅደር የሚይዝ መሣሪያ ነው። በተለምዶ «ካሽ ሬጅስተር» ይባላል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ ወይም ያረጀውን ለመለወጥ ለሚያስቡ የችርቻሮ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከትልልቅ ከተሞች ርቀው በስሜን ተራሮች ግርጌና በደጋው የሚሠሩ ነጋዴዎች ያሉበትን ሁኔታ በተለይ ይመለከታል።

በእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የመሣሪያው ዋጋ ወይም ውበት ሳይሆን በተበላሸ ጊዜ የሚጠግነው ባለሙያ ያለበት ርቀት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከመሣሪያው በፊት የአገልግሎት ማዕከሉን ሊመርጥ ይገባል። ቀጥሎ የቀረበው ዝርዝርም በዚህ መነሻነት የተዘጋጀ ነው።

የሕግ መሠረቱ

በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ተደንግጓል። ደንቡ የመሣሪያ አቅራቢዎችን፣ የአገልግሎት ማዕከላትንና የተጠቃሚዎችን ኃላፊነት ለይቶ ያስቀምጣል። የፌደራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ግዴታውን ያልተወጣ ነጋዴ ስለሚጣልበት አስተዳደራዊ ቅጣት ይደነግጋል።

የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ለሚያከናውነው ሽያጭ ደረሰኝ መስጠት አለበት። በተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት በ12 ወራት ውስጥ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ነጋዴ ለታክሱ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ነጋዴው መሣሪያውን እንዲጠቀም የሚገደደው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግብር ከሚከፍልበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ያለ ፈቃድ የተገዛ መሣሪያ ገንዘብ የወጣበት ቢሆንም ለሥራ አይውልም።

ከባንክ የክፍያ መሣሪያ ይለያል

በርካታ ነጋዴዎች ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ባንኮች ለመደብሮች የሚሰጡት፣ ካርድ የሚያነበውና በተለምዶ «ፖስ ማሽን» የሚባለው መሣሪያ ገንዘብ ከገዢው ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ ያስተላልፋል። ከእርሱ የሚወጣው ወረቀት ክፍያ መፈጸሙን እንጂ ሽያጩ ለታክስ መመዝገቡን አያረጋግጥም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ወይም በባንክ የስልክ መተግበሪያ የተፈጸመ ክፍያም እንዲሁ ነው። ገዢው በጥሬ ገንዘብም ሆነ በስልክ ቢከፍል፣ ነጋዴው ሽያጩን በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው መዝግቦ ደረሰኝ መስጠት አለበት።

ለታክስ የሚያገለግለው ደረሰኝ የሻጩን ስምና አድራሻ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ዋጋ፣ የታክሱን መጠን፣ ቀንና ሰዓት እንዲሁም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ይይዛል። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚያመጡ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወጪያቸውን የሚያወራርዱት በእንዲህ ያለ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ መስጠት ያልቻለ መደብር እነዚህን ደንበኞች ያጣል።

የመሣሪያ ዓይነቶች

በችርቻሮ ንግድ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ራሱን ችሎ የሚሠራው መሣሪያ ነው። የቁልፍ ሰሌዳው፣ ማሳያው፣ ማተሚያውና የታክስ ማኅደሩ በአንድ አካል ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አነስተኛ ሞዴሎች ውስጣዊ ባትሪ አላቸው። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ አጠቃቀሙንም በአጭር ጊዜ መልመድ ይቻላል። ለሸቀጣሸቀጥ ሱቅ፣ ለልብስ መደብር፣ ለፋርማሲና ለአነስተኛ ምግብ ቤት ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የታክስ ማተሚያ ነው። ሽያጩ በኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ይመዘገብና ደረሰኙ ማኅደር ባለው ማተሚያ ይወጣል። የመጋዘን ክምችትን ለመከታተል፣ የዕቃ መለያ ኮድ በማንበቢያ ለመመዝገብና በርካታ ገንዘብ ተቀባዮችን ለማሠራት ያመቻል። በአንጻሩ ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያውና ሶፍትዌሩ እያንዳንዳቸው ሊበላሹ ይችላሉ፤ ሁሉም የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋሉ። ሶፍትዌሩም ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ የሚደረግ ማንኛውም ማሻሻያ በሕግ ያስጠይቃል።

ብዛታቸው ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ዕቃዎችን በአንድ ጠረጴዛ ለሚሸጥ ነጋዴ የመጀመሪያው ዓይነት በአብዛኛው በቂ ነው። በየዕለቱ ክምችቱን መቁጠር የሚያስፈልገው ጅምላ አከፋፋይ ወይም ትልቅ ሆቴል ሁለተኛውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

የአገልግሎት ማዕከሉን ማስቀደም

ማንኛውም ተጠቃሚ ዕውቅና ካለው የአገልግሎት ማዕከል ጋር የጸና ውል ሊኖረው ይገባል። መሣሪያውን የሚያዘጋጀው፣ የሚያሽገው፣ የሚጠግነውና በየዓመቱ የሚመረምረው ይኸው ማዕከል ነው። እሽጉን ነጋዴው ራሱም ሆነ የአካባቢው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ መፍታት አይችሉም። የተፈታ እሽግ መሣሪያው እንደተነካካ የሚያሳይ ምልክት ሲሆን ነጋዴውን ለምርመራ ይዳርጋል።

ይህ ድንጋጌ በጎንደር ከተማ ላለ ነጋዴና በአምባራስ ላለ ነጋዴ እኩል ይሠራል፤ ርቀቱ ግን እኩል አይደለም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዳባትም በሁለቱ መካከል በዚያው መንገድ ላይ ትገኛለች። አምባራስ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ በሚያልፈው የፓርኩ መንገድ ላይ ያለች የደጋ መንደር ናት። የአገልግሎት ማዕከሉ ባለሙያ መቀመጫውን በጎንደር ያደረገ እንደሆነ፣ የአምባራስ ነጋዴ መሣሪያውን ለማስጠገን መጀመሪያ ደባርቅ፣ ከዚያም ጎንደር መድረስ ይኖርበታል። ሄዶ ለመመለስና ጥገናውን ለመጠበቅ የሚያልፉት ቀናት የገበያ ቀን ሊጨምሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ነጋዴው ውል ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ማስፈር አለበት፦

- ባለሙያው መቀመጫው የት ነው? ወደ መደብሩ ይመጣል ወይስ መሣሪያው ይወሰድለታል?
- ጥሪ ከደረሰው በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ይደርሳል?
- የጉዞ ወጪው በውሉ ዋጋ ውስጥ ነው ወይስ በተጨማሪ የሚከፈል?
- ማተሚያው፣ ባትሪውና የኃይል መስጫው በመለዋወጫነት በእጁ አሉ?
- ዓመታዊ ምርመራውን በደባርቅ ወይም በዳባት ለበርካታ ነጋዴዎች በአንድ ጉዞ ያከናውናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ልዩ ትኩረት ያስፈልገዋል። የአንድ ከተማ ነጋዴዎች በአንድ የአገልግሎት ማዕከል የሚደገፍ ተመሳሳይ ሞዴል ቢመርጡ፣ ባለሙያው በአንድ ምልልስ ብዙዎችን ያገለግላል፤ የእያንዳንዱም ወጪ ይቀንሳል። በአንጻሩ በአካባቢው ማንም የማይጠቀምበትን ሞዴል በርካሽ የገዛ ነጋዴ ለጥገና የሚያወጣው ገንዘብ ብዙም ሳይቆይ ከግዢው ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል።

ኃይልና ኔትወርክ

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ውስጣዊ ባትሪ የሌለው መሣሪያ መግዛት አይመከርም። ነጋዴው ባትሪው በአንድ ሙሌት ስንት ደረሰኝ እንደሚያትም ሻጩን መጠየቅና ከተቻለም መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ በማሳተም መሞከር አለበት። ኃይል ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ማተሚያውን ሊጎዳ ስለሚችል በስታቢላይዘር መጠቀም ይገባል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መደብር የመሣሪያውን የኃይል ፍላጎት ከፀሐይ ሥርዓቱ ጋር በባለሙያ ማስተያየት ይኖርበታል።

መሣሪያው የዕለቱን መዝጊያ ሪፖርት ለግብር አስተዳደሩ የሚልከው በውስጡ ባለ ሲም ካርድ በሞባይል ኔትወርክ አማካይነት ነው። በተራራማ ስፍራ በመንገድ ዳር ያለው ኔትወርክ ከሱቁ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም መሣሪያው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ኔትወርክ መኖሩን በተለያየ ሰዓት በስልክ መሞከር፣ ካልተገኘም ጠረጴዛውን ወደ መስኮት ማስጠጋት ይጠቅማል። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ መሣሪያው ስንት ቀን መረጃ ይዞ እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ መሥራቱን ያቆም እንደሆነም ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብርድ፣ አቧራና ወረቀት

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር፣ አምባራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደጋው የሌሊት ብርድ ባትሪ ቶሎ ይዳከማል። መሣሪያውን ማታ ከሲሚንቶ ወለልና ከቆርቆሮ ግድግዳ አርቆ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር፣ ጠዋትም ክፍሉ ከሞቀ በኋላ ማብራት ዕድሜውን ያራዝማል። ዱቄት፣ በርበሬና የመንገድ አቧራ ወደ ማተሚያው እንዳይገቡም በሥራ ሰዓት ከሚዛኑ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል።

መሣሪያዎቹ በሙቀት በሚታተም ልዩ ወረቀት ይጠቀማሉ፤ ቀለም አያስፈልጋቸውም። ይሁን እንጂ በዚህ ወረቀት ላይ የታተመ ጽሑፍ በፀሐይ፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። የዕለት መዝጊያ ሪፖርቶችንና የግዢ ደረሰኞችን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ከሚፈጠር ክርክር ያድናል። የወረቀቱ ስፋት በሞዴሉ ስለሚወሰን በደባርቅ ገበያ የሚገኘው መጠን የትኛው እንደሆነ ከግዢ በፊት ማወቅና ለክረምቱ ትርፍ ጥቅል መያዝ ይበጃል።

የግዢና የምዝገባ ቅደም ተከተል

1. ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድና የታክስ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ይዞ ማመልከት፤
2. ዕውቅና ካላቸው አቅራቢዎች ዋጋና የአገልግሎት ሁኔታ ማወዳደር፤
3. ከአገልግሎት ማዕከል ጋር ውል መፈረም፤
4. መሣሪያው በነጋዴው ስምና በመደብሩ ትክክለኛ አድራሻ እንዲመዘገብ ማድረግ፤
5. የዕቃዎቹ ስም፣ ዋጋና የታክስ ምድብ በትክክል መሞላቱን በናሙና ደረሰኝ ማረጋገጥ፤
6. የምርመራ መዝገቡን ከመሣሪያው አጠገብ ማስቀመጥ፣ ማስታወቂያውንም በግልጽ ቦታ መለጠፍ።

አምስተኛው ነጥብ ቸል ሊባል አይገባም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ 15 በመቶ ነው። ታክስን ሳይጨምር ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ዕቃ በስሕተት ከታክስ ነፃ በሆነው ምድብ ቢሞላ፣ ከገዢው ሳይሰበሰብ የቀረው 150 ብር በኋላ ከነጋዴው ሊጠየቅ ይችላል። በማስታወቂያው ላይ መሣሪያው ሲበላሽ ሠራተኞች በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸውና ደረሰኝ ካልተሰጠ ገዢው ክፍያ እንዳይፈጽም የሚገልጹ መልእክቶች መስፈር አለባቸው።

መሣሪያው ለተመዘገበበት መደብር ብቻ ያገለግላል። በደባርቅ የተመዘገበን መሣሪያ በጉብኝት ወራት ወደ አምባራስ ወስዶ መሸጥ አይፈቀድም፤ የአድራሻ ለውጥ አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ መገለጽ አለበት። በሁለት ቦታ የሚሸጥ ነጋዴ በሁለቱም ቦታ የተመዘገበ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

መሣሪያው ሲበላሽ

ብልሽት እንደተከሰተ በ2 ሰዓት ውስጥ ለአገልግሎት ማዕከሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ነጋዴው የደወለበትን ሰዓትና ያነጋገረውን ባለሙያ ስም መመዝገብ፣ ከተቻለም በስልክ የጽሑፍ መልእክት ማሳወቅ አለበት፤ ይህ በኋላ ማስረጃ ይሆነዋል። መሣሪያው ቢሰረቅ ወይም ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ቢጎዳ በ3 ቀናት ውስጥ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ጥገናው እስኪጠናቀቅ ሽያጩ የሚቀጥለው በፈቃድ በታተመ በእጅ የሚጻፍ ደረሰኝ ነው። ስለሆነም የዚህ ደረሰኝ ጥራዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመደብሩ ሊኖር ይገባል። የኅትመት ፈቃድ መጠየቅ የሚጀመረው መሣሪያው ከተበላሸ በኋላ ከሆነ፣ ለነጋዴው ያለው አማራጭ ሱቁን መዝጋት ወይም ሕግ መጣስ ብቻ ይሆናል። ከአገልግሎት ማዕከል ርቀው የሚሠሩ ነጋዴዎች ለዚህ ጉዳይ ቅድሚያ መስጠት አለባቸው።

ከግዢ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ ማጣሪያ

የገቢዎች ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት በመዘርጋት ላይ ይገኛል። ነጋዴው አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የመረጠው ሞዴል ከአዲሱ አሠራር ጋር የሚጣጣም መሆኑን ግብር ከሚከፍልበት ጽሕፈት ቤትና ከአቅራቢው ቢጠይቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዳግም ከመግዛት ይድናል። የታክስ ማኅደሩ ስንት የዕለት መዝጊያ እንደሚይዝም መጠየቅ አለበት፤ ማኅደሩ ሲሞላ በአገልግሎት ማዕከሉ ካልተለወጠ መሣሪያው አይሠራም።

ያገለገለ መሣሪያ ከሌላ ነጋዴ መግዛት የሚቻለው የቀድሞው ባለቤት ምዝገባ በሕጋዊ መንገድ ከተሰረዘ በኋላ ብቻ ነው። ያልተሰረዘ መሣሪያ በቀድሞው ባለቤት ስም ደረሰኝ ስለሚያወጣ ሻጩንም ገዢውንም ተጠያቂ ያደርጋል።

ለተጨማሪ ማብራሪያ ነጋዴዎች በየወረዳውና በየከተማ አስተዳደሩ የሚገኙ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶችን የደንበኞች አገልግሎት ክፍል በአካል ቀርበው ማነጋገር ይችላሉ። ዕውቅና ያላቸው አቅራቢዎችና የአገልግሎት ማዕከላት ዝርዝር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ማንኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ወቅታዊውን ዝርዝር ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።