ሄንደል በሎንዶን

ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ ባለአገሩ እንደ ወደደ የሚጭነውና የሚለጕመው ከብት ነው የሚል ተረት ከአባቶቻችን ወርሰናል። ተረቱ በብዙ ስደተኞች ላይ እውነት ሆኖ ታይቷል። ይሁን እንጂ በሰው አገር ተከብሮና ራሱን ሆኖ የኖረም አለ፤ ከእነዚህም አንዱ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጌኦርግ ፍሪድሪሽ ሄንደል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሄንደል በ1685 ሃሌ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። ኢጣልያ ወርዶ በኦፔራ ጥበብ ከሠለጠነ በኋላ በ1710 ወደ ሎንዶን መጣ። በ1723 ብሩክ በተባለው መንገድ አንድ ቤት ተከራየ፤ በዚያም ቤት እስከ ዕለተ ሞቱ 36 ዓመት ኖረ። በ1727 ፓርላማው ባወጣው ሕግ የእንግሊዝ ዜግነት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ለንጉሥ ጊዮርጊስ ዳግማዊ የዘውድ በዓል የደረሰው «ካህኑ ሳዶቅ» የተባለው መዝሙር በ2023 በንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ በዓልም ተዘምሯል።

የቤት ኑሮውን የተመለከትን እንደ ሆነ፥ ሚስት አላገባም። ዘፋኞቹን በቤቱ እየሰበሰበ ያለማምዳቸው ነበር። መብልና መጠጥ መውደዱ የታወቀ ስለ ነበረ ጉፒ የተባለ ሠዓሊ በእሪያ መልክ ኦርጋን ሲመታ ሥሎ ቀለደበት። እርሱ ግን ገንዘቡን ለገበታ ብቻ አላዋለም፤ ሥዕል እየገዛ ይሰበስብ ስለ ነበረ በሞተ ጊዜ ሰማንያ ያህል ሥዕሎች በቤቱ ተገኝተዋል። የወጣትነት ወዳጁን ቴሌማንንም አልረሳውም፤ ወዳጁ አትክልት ወዳድ መሆኑን ያውቅ ነበርና በ1750 ብርቅ ብርቅ ተክሎች በሣጥን አድርጎ ወደ ሐምቡርግ ልኮለታል።

ስደት ግን ዋጋ አለው። ሄንደል በ1729 ወደ ሃሌ ሄዶ እናቱን ሲጐበኝ ዐይኗ ጠፍቶ አገኛት። ተሰናብቷት ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1730 መጨረሻ ስትሞት እርሱ ሎንዶን ነበረ።

ከሃያ ዓመት በኋላ የእናቱ ዕጣ ለእርሱም ደረሰው። በ1751 በየካቲት ወር «ዮፍታሔ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ድርሰት ይጽፍ ነበር። የእግዚአብሔር ፍርድ ለሰው ስውር መሆኑን የሚናገረው የኅብረት ዜማ ላይ በደረሰ ጊዜ የግራ ዐይኑ ደከመበት። ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት፥ በዐይኑ ድካም ምክንያት ሥራውን ለማቋረጥ መገደዱን ከነቀኑ በወረቀቱ ላይ ጻፈ። የጻፈውም በጀርመንኛ ነበር! አርባ ዓመት ከእንግሊዞች ጋር ኖሮ፥ ዜጋቸው ሆኖ፥ ለንጉሣቸው ዘምሮ፥ በጭንቅ ሰዓት ግን ከብዕሩ የወጣው በእናቱ ቤት የሰማው ቋንቋ ነው።

በኋላ ድርሰቱን ፈጸመ፤ ዐይኑ ከጠፋ በኋላም ኦርጋን መምታቱን አልተወም። ከ1750 ጀምሮ «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ መርጃ ያሰማ ነበር፤ የድርሰቱንም ቅጂ ለማሳደጊያው ተናዝዞለታል። በ1759 ሲሞት እንግሊዞች ነገሥታቶቻቸው በሚያርፉበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

እንግዲህ ሄንደል ያስጠጋውን አገር በሚገባ አገለገለ፤ የተወለደበትንም አገር ከልቡ አላወጣም። ሁለቱን አስማምቶ የያዘ ሰው በባዕድ አገር ቢኖር እንኳ የማንም ጭነት ከብት አይሆንም።