የተቃጠለ ቤት ኪራይ

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1666፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 1659 ዓ.ም.፣ ዐፄ ፋሲል ገና በጎንደር ነግሠው ሳሉ፣ በለንደን ከተማ ፑዲንግ ሌን በሚባለው ጠባብ መንገድ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣው እሳት፣ ከእንጨት ተሠርተው እርስ በርሳቸው የተደጋገፉትን ቤቶች እየተሻገረ 13,200 መኖሪያና 87 አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከእነዚህም ጋር ታላቁን የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል በላ። የመቅሰፍቱን ታላቅነት ብዙዎች ጽፈውታል፤ የቤት መድን ታሪክ ግን ይበልጥ የሚጠናው ነበልባሉ ከበረደ በኋላ በተነሣው ሙግት ነው።

ሙግቱ የአከራይና የተከራይ ነበር። ከዘመኑ የኪራይ ውሎች ብዙዎቹ ተከራዩ ቤቱን እንዲያድስ ኪራዩንም ሳያቋርጥ እንዲከፍል ያስገድዱ ስለ ነበር፣ ሸቀጡ ሁሉ የነደደበት ነጋዴ በምድር ላይ የሌለ ቤት ኪራይ ይጠየቅ ጀመር፤ ባለቤቱም በበኩሉ ከኪራዩ በቀር መተዳደሪያ ላይኖረው ይችላል። ውሉን እንደ ፊደሉ መፈጸም ከተማይቱን ፍርስራሽ አድርጎ ማስቀረት መሆኑን የተገነዘበው ፓርላማ የእሳት ችሎት የተባለ ልዩ ዐውደ ፍርድ አቆመ። ማቲው ሄልን የመሰለ ሊቀ ሕግ የነበረባቸው እነዚያ ዳኞች፣ ከ1667 ጀምሮ ያለ ደመወዝ በክሊፎርድስ ኢን እየተሰየሙ፣ ተከራዩ መልሶ የሠራ እንደ ሆነ ኪራዩን እየቀነሱ የውሉንም ዘመን እያራዘሙ ፈረዱ። ርትዕ የሞላበት ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱን አካፈለ እንጂ አልካሠም።

ካሣውን በንግድ መልክ ያቀረበው ኒኮላስ ባርቦን ነው። በኡትሬክት ሕክምና ተምሮ ዶክተር ከተባለ በኋላ ፊቱን ቤት ወደ ማነጽ የመለሰው ይህ ሰው፣ በ1680 የእሳት ጽሕፈት ቤት ሲያቋቁም የመድኑን ዋጋ በኪራዩ ለካው፤ የጡብ ቤት ያለው ከዓመት ኪራዩ በመቶ 2.5፣ የእንጨት ቤት ያለው በመቶ 5 ይከፍል ነበር። ከእሳቱ በኋላ የወጣው ሕግ አዳዲሶቹ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዝዞ ነበርና፣ ርካሹ ዋጋ ባርቦን ራሱ የሚያንጻቸውን ቤቶች ለገዢ ጭምር ያስወደደለት ይመስለኛል፤ ዶክተሩ ለነፍሱ ብቻ የሚደክም ሰው አልነበረም።

ከዚህ ወዲያ ለባለቤቱ ምርጫ መጣለት። በ1696 በአንድ ቡና ቤት የተመሠረተው፣ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ምልክቱ የሆኑት ማኅበር፣ እንደ እኛ ዕድር አባላቱ እርስ በርሳቸው የሚዋሱበት ነበር። መድን ሰጪዎቹ ሁሉ ዋስትና በሰጧቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ የእርሳስ ምልክት እየለጠፉ የራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ያሰማሩ ነበር። በ1710 የተቋቋመው የፀሐይ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከሕንፃው ሌላ በውስጡ ያለውን ዕቃ ስለ ተቀበለ፣ ግድግዳው የእርሱ ያልሆነው ተከራይም የሚገዛው ዋስትና አገኘ።

ሆኖም ቤቱን በገዛ እጁ አቃጥሎ ገንዘቡን ይዞ የሚሄድ ባለንብረት አልታጣም። የ1774ቱ የለንደን የእሳት መከላከያ ሕግ ስለዚህ፣ በቤቱ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው፣ ተከራይም ቢሆን፣ ከጠየቀ መድን ሰጪው ገንዘቡን ለቤቱ መልሶ ማነጫ እንዲያውለው አስገደደ፤ ፍርድ ቤቶች በኋላ እንደ ተረጐሙት ግን ጠያቂው ገንዘቡ ለባለቤቱ ከመከፈሉ በፊት መድረስ ነበረበት።