የጃኪ ኩጋን ሒሳብ

የዕለት እንጀራዬ ከባንክ ነውና ብዙ ዓይነት የሒሳብ ደብተር በእጄ አልፏል። ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀኝ ግን አንድም ቀን አይቼው የማላውቅ ሒሳብ ነው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፊልም ለሚሠሩ ሕፃናት የሚከፈት ሲሆን «የኩጋን ሒሳብ» ይባላል።

ጃኪ ኩጋን በ1914 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 ለተመልካች ያበቃውን «ዘ ኪድ» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልም መቅረጽ ሲጀምር ጃኪ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ትንሹ ልጅ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ መስታወት ገጣሚው አሳዳጊው ደግሞ ከኋላ ደርሶ ይጠግናል። ማታ ከጠባቧ ክፍላቸው ሲገቡ ግን ምግባቸውን እኩል ይካፈላሉ።

በእውነተኛው ሕይወት እኩል መካፈል አልነበረም። ጃኪ በልጅነቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ ይገመታል። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ እናቱም የቤተሰቡን የገንዘብ አማካሪ አገባች። ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ ድካሙን ቢጠይቅ የሚሰጠው አጣ። ለነገሩ የግዛቱ ሕግም ከእናቱ ጋር ነበር፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያገኘው ገንዘብ የወላጆቹ ነው ይላልና። በ1938 ከሰሰ። ከዚያ ሁሉ ሀብት የተረፈው ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ለእርሱ የደረሰው 126,000 ዶላር ብቻ።

በ1939 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጡ። ሆኖም ሕጉ የሚሠራው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ውል ላይ ብቻ ስለ ነበር ብዙ ሕፃናት ከጥላው ውጭ ቀሩ። ቀዳዳው የተደፈነው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ከ2000 ጀምሮ ሕፃኑ የሠራበት ገንዘብ የራሱ ንብረት ሆነ፤ አሠሪውም ከጠቅላላ ክፍያው 15 በመቶውን፣ 18 ዓመት እስኪሞላው በማይነካ ሒሳብ ውስጥ እንዲያስገባ ተገደደ። በ2024 የወጣ ሕግ ደግሞ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ በኢንተርኔት ቪዲዮ ገንዘብ ለሚያገኙ ሕፃናትም አስፋፋው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ጃኪ ከዚህ አንዱም አልደረሰለትም። በ1960ዎቹ በቴሌቪዥን ራሰ በራውን አጎት ፌስተርን ሆኖ ሲተውን ያ መልከ መልካም ሕፃን እርሱ መሆኑን ስንቱ አውቆ ይሆን? በ1984 አረፈ።

ስሙ ግን ዛሬም በባንክ መዝገብ ላይ ይጻፋል። አንድ ሕፃን ካሜራ ፊት በቆመ ቁጥር፣ ከሚከፈለው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 15ቱ በኩጋን ስም ይቀመጥለታል። እኔም የልጅ ሒሳብ ሊከፍት ከመስኮቴ ፊት የሚቆም ወላጅ ባየሁ ቁጥር ያ መስኮት ሰባሪ ልጅ ትዝ ይለኛል።