ሌላው ያጨሰውን ጢስ ማን ያስታውሰዋል?

ከሠላሳ ዓመት በፊት በሥራ ክፍላችሁ ከጎናችሁ ይቀመጥ የነበረው ባልንጀራችሁ በቀን ስንት ሲጋራ ያጨስ ነበር? ማጨሱን ወዲያው ታስታውሱ ይሆናል፤ ቍጥሩን ግን ብትጠየቁ በግምት ካልሆነ በቀር ልትመልሱ አትችሉም። ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አከራክሯል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በጥር ወር 1981 ዓ.ም. ሁለት ጥናቶች ታትመው ወጡ። አንደኛው የአቴና ሲሆን፥ ዲሚትሪዮስ ትሪኮፑሎስና ባልደረቦቹ የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 51 ሴቶችና 163 ሌሎች ሕሙማንን ስለ ራሳቸውና ስለ ባሎቻቸው ማጨስ ጠየቁ። ሳያጨሱ የታመሙት ሴቶች ይበልጡን የአጫሾች ሚስቶች ሆነው ተገኙ። ዳሩ ግን በጽኑ የታመመ ሰው የደዌውን ምክንያት ሲፈልግ ያለፈ ዘመኑን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ እግሯን ተሰብራ የተኛችዪቱ ሴት ግን ስለ ባሏ ሲጋራ ምን አሳስቧት! የሁለቱ ትዝታ በአንድ ሚዛን ሊመዘን መቻሉ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው ጥናት ይህን እንቅፋት አስቀድሞ ያስወገደ ነበር። ጃፓናዊው ሐኪም ታኬሺ ሂራያማ የማጨስን ነገር የጠየቀው በ1965 ዓ.ም.፥ በሽታው ሳይመጣ ነው። ባልም ሚስትም ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ ቃላቸው ተመዘገበ። ከዚህ በኋላ በ29 የጤና ወረዳዎች የሚኖሩ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 91,540 የማያጨሱ ሚስቶች እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ ለ14 ዓመት ተከታተሏቸው። ብዙ የሚያጨሱ ባሎች ሚስቶች በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው ነገር ከሌሎቹ ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆነ። የአሜሪካ ትምባሆ ነጋዴዎች ማኅበር ጥናቱን አጥብቆ ነቀፈ። ከነቃፊዎቹም አንዳንዶቹ ሚስቶቹ የራሳቸውን ማጨስ ደብቀው ይሆናል አሉ፤ መደበቅና መርሳት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1989 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት በኒው ሜክሲኮ የማያጨሱ ሰዎች ተጠይቀው፥ ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ጥያቄ ተደገመላቸው። ወላጆቻቸው ያጨሱ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዐይነት መለሱ፤ ጢሱ ባለበት በቀን ስንት ሰዓት እንደ ቆዩ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ተለዋወጠ። እንግዲህ ትዝታ የቤቱን ሰው ይይዛል፥ ሰዓቱን ይጥላል።

«ደም ወይም ሽንት ተመርምሮ አይታወቅምን?» ትሉ ይሆናል። ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ኮቲኒን ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ይህም በምራቅ እንኳ ይለካል። ነገር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ ያለፈውን ሳምንት እንጂ የልጅነትን ዘመን አይመሰክርም። ለዚያ ዘመን ከሰው አፍ በቀር ሌላ ምስክር እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ አስተዋይ ጠያቂ «በጠቅላላው ስንት ሰዓት?» አይልም። «በየትኛው ቤት ኖርህ? ከማን ጋር? እስከ መቼ?» እያለ ቤት ለቤት፥ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ያስከትላል። የእኛም ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረቱ ሲጠፋባቸው «ከዘመቻው በፊት ነው፤ ያን ጊዜ አራት ኪሎ ተከራይተን ሳለን» ይሉ የለምን?